ጨው ሲነካው

«ቀይ ወርቅ» ሲሉ ስሰማ፣ ለሙገሳ መስሎኝ
ስንት ዘመን ሄደ፤
ፖርቶ፣ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከጠባብ ብልቃጥ ውስጥ
እውነትም ቀልቶ ወረደ።
ሲደቅ፣ ሲደቅ፣ ሲደቅ፣ ዓይን የማይደርስበት
ብናኝ እስኪሆን ድረስ፣
ቢጫነቱን ይጥላል፣ የቀይ ወይን ቀለም
እንደ ካባ ሊለብስ።

«ለጣት ቀለበት አይሆን፣ ለጥርስም አይሆን!» ብላ
ግራሲንዳ ትስቃለች፤
የሌሊት ባልደረባዬ፣ ጓንቷን እየጎተተች
የአክታውን ዕቃ ከሳጥን ታወጣለች።

ከወንዙ ማዶ ነው የመጣው፣
ወይን ከሚያረጅበት ሰፈር፤
ቅጹ ላይ፦ ቫልዴማር፣ ስልሳ አንድ ዓመት፣
ሥራ፦ በርሜል ማጠር።
የባሉጥ ሳንቃ አጉብጦ፣ ሆዱን በእሳት ለብልቦ፣
በብረት መቀነት አስሮ፣
አርባ ዓመት ኖሯል ሰውየው
መዶሻ በጆሮው ሲወርድ፣ ጢስ ሲገባ በጉሮሮ።

ሳሉንም በጢስ አመካኘ። ቀጥሎ በወንዙ ጉም።
ቀጥሎ በዕድሜው፣ በብርዱ፤
ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ሲለምን፣ አንሶላው በላብ ሲርስ፣
«ደህና ነኝ» አለ ለዘመዱ።
«ሳል ይዞ ስርቆት» ይባል የለ?
ከማን ሊደበቅ ነበር፣
ደረቱ ራሱ ሌባው፣ ደረቱ ራሱ ጯሂው፣
ደረቱ ራሱ ሲመሰክር!

ፍርዱ እንግዲህ በጨው ነው።
ወርቁ ላይ አንድ ቀጭን ክር ተሰፍቷል፣
ከጀርሙ ጓዳ የሚወጣውን ጥንዱን የሚጠብቅ።
ጥንዱን ካገኘ፣ ይጠመጠማል በወርቁ ዙሪያ፣
ከጨው ይሆነዋል ከለላ፤
ካጣ ግን፣ ወርቁ ተራቁቶ፣ እርስ በርስ ተጣብቆ
ይጠቁራል ወደ ሰማያዊ፣ ይለውጣል ገላ።

እናም በዚህ ቤት ነገር ተገልብጧል፦
የሚያምረው ቀይ መርዶ ነው፣
የጠቆረው ብልቃጥ ምሥራች።
ቅኔ ቤት ወርቁ ከሰም ሥር ይደበቅ ነበር፤
እዚህ ግን ወርቁ ራሱ ሰም ነው፣
በሽታዋ ከሥሩ አለች።

ሁለት ብልቃጥ ደረደርኩ።
አንዱ «አለበት ወይ?» ለማለት፤
ሌላው፣ አለበት ከሆነ፣ ጀርሙ
መድኃኒት ንቆ እንደሆን ለማየት።
ጠብታዋን ከመልቀቄ በፊት፣ እንደ ሞኝ፣ አነጋገርኳት፦
«ለራስሽ ስትዪ፣ ጨው ሆይ፤
መጣፈጡ ይቅርብሽ፣
ለዛሬ እውነት ይሁን ጣዕምሽ።»

ሩብ ሰዓት።
የጣሪያው አምፖል ይጮሃል። ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ አይታመንም፤
ሰማያዊውን ያደበዝዛል፣ ቀዩን ያጠቁራል።
ግራሲንዳ ነጭ ወረቀት ይዛ
ከጣሪያው ሥር ወዳለችው ጠባብ መስኮት ተንጠራራች፤
ከላያችን የማለዳ እግር ያልፋል፣
የመጀመሪያዋ ትራም ታንቋርራለች።
ጎሕ ቀደደ።
አንዱ ብልቃጥ ቀይ። ፍንክች አላለም።
ሌላው ግን ጠቆረ፣ በዓይናችን ፊት፣
ሊመሽ እንዳለ ሰማይ።

አለበት። መድኃኒቱ ግን ይደፍረዋል።
ጻፍኩት፤ ከዚህ አጭር ነገር ጽፌ አላውቅም።

ቫልዴማር ከሐኪሟ ዘንድ ሲወጣ
በላብራቶሪው መስታወት አሻግሮ አየ፤
«ይሄ የየትኛው በርሜል ነው?» አለኝ፣
ቀዩን በጣቱ እያሳየ።
የሚለው አጥቶ ነው። የስድስት ወር ክኒን በከረጢት ይዞ፣
አፉ በጭንብል ተጋርዶ፣ ዓይኑ ብቻ እየታየ።
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«ሥራ የማለማምደው ልጅ አለ፣ ኤቫሪስቶ።
እሳቱን አብረን ነው የምንነድደው፤
አንድ በርሜል ውስጥ አጎንብሰን፣
ትንፋሹ ከትንፋሼ...»
ሳል ቆረጠበት።

ዛሬ ሌሊት
መደርደሪያው ላይ አዲስ ስም አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ግራሲንዳ ነጩን ወረቀት ከአሁኑ አዘጋጅታለች።
ወርቁ እንደ ልማዱ ቀልቶ ይጠብቃል፤
ጨው ያዘለችው ጠብታ ከጫፉ ላይ ተንጠልጥላ
ገና አልወደቀችም።